ካልት፣ ካልድና ያልተመለሰው ትራስ

በእኛ በባናት ሜዳ ልጅ መለዋወጥ ነውር አልነበረም። ነውሩ ልጅን በአንድ ቋንቋ ብቻ አሳድጎ ለዓለም መልቀቅ ነበር። ከወንዙ ወዲህ ሽዋቦቹ ጀርመንኛቸውን ይናገራሉ፣ ከወንዙ ማዶ ሩማንያኖቹ ሩማንኛቸውን፤ ዝቅ ሲሉ ሃንጋሪዎች፣ ከእነሱ አለፍ ሲሉ ደግሞ ሰርቦች አሉ። የአንዱ መንደር ዶሮ ሲጮኽ ሌላው መንደር ይነቃል። በቅዳሜ ገበያ ላይ አፉ የተያዘ ሰው ዝዩን እንዳቀፈ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ስለዚህ ልጅ ከፍ ሲል፣ አንደበቱ ገና ሳይደርቅ፣ ለአንድ ዓመት ማዶ ላለ ቤት ይሰጣል፤ የዚያም ቤት ልጅ በፈንታው ይመጣል። የሰው ልጅ ተቀብሎ የሚያስርብ ግን አልነበረም። የራሱ ልጅ በዚያኛው እናት ማዕድ ተቀምጣ እያለ እንዴት ብሎ!

ልውውጡ የሚፈጸመው በሁለቱ መንደሮች መካከል፣ መንገድ ዳር ባለ አንድ የውኃ ጉድጓድ አጠገብ ነው። ሁለት ጋሪዎች ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ልጆቹ ወርደው ጋሪ ይቀያየራሉ፤ ወደ ኋላ መዞር አይፈቀድም። ልብሱን የሚቀበላቸው ቤት ይሰጣቸዋል። ከቤታቸው ይዘው የሚሄዱት ትራሳቸውን ብቻ ነው፤ የሰው ቤት ምግብ ይለመዳል፣ የሰው ቤት እንቅልፍ ግን አይለመድም ባዮች ናቸው አሮጊቶቻችን። ዓመቱ ሲሞላ ልጅ ትራሱን አቅፎ ይመለሳል። ያን ጊዜ ነገሩ አለቀ፤ ተመራርቆ መለያየት ነው። ትራሱ ካልተመለሰ ግን ልጁ ገና አልተመለሰም ይባላል፣ ቤቱ ገብቶ እሳት እየሞቀ ቢሆን እንኳ።

ቡርጊ ስትሰጥ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ሙሉ ስሟ ቫልቡርጋ ነው፤ ለዚያች ቀጫጫ ልጅ ይከብዳታል ብለው ነው ቡርጊ ያሏት። እናቷ ኦቲልያ እጇ የማያርፍ፣ ፍቅሯን በሳሙና የምትገልጽ ሴት ነበረች፤ የምትወደውን ሁሉ ታጥባለች። ከማዶ በፈንታዋ የመጣችው ልጅ ቬቱርያ ትባላለች፤ ክብ ፊት፣ ሳቂታ። በጉድጓዱ አጠገብ ሲተላለፉ ቬቱርያ ትራሷን አነሣችና የቡርጊን ትራስ ቦፍ አድርጋ ሳቀች። ቡርጊ ሊፈስ ደርሶ የነበረው እንባዋ በዚያ ሳቅ ተመለሰላት።

የቬቱርያ እናት ፐርሲዳ ረዥም፣ ቃል የምትቆጥብ ሴት ነበረች። ባሏ ትራይላ ደግሞ የእሷንም ድርሻ ጨምሮ ይናገራል። በመጀመሪያው ማምሻ ቡርጊን ጭቃ ግድግዳው ጥግ፣ በዝይ ላባ ብርድ ልብስ ጠቅልለው አስተኟት። ልጅቱ ግን ከፍርሃቱ ጋር ብርዱ ዘለቃትና በቋንቋዋ "ካልት" አለች፤ በረደኝ ማለቷ ነው። በፐርሲዳ ቋንቋ ደግሞ "ካልድ" ማለት ሙቀት ነው። ፐርሲዳ፣ ይህች ምስኪን ትኩሳት ይዟታል አለችና ብርድ ልብሱን ገፋ አድርጋ መስኮቱን ወለል አደረገችው። የጥቅምት ነፋስ ገባ። ቡርጊ ይበልጥ እየተንቀጠቀጠች "ካልት፣ ካልት" ስትል ፐርሲዳ ቀዝቃዛ ውኃ ልታመጣ ተነሣች። ልጅቱ ተስፋ ቆርጣ ጣቷን ቀሰረችና "ፌንስተር" አለች።

ፐርሲዳ ቆም አለች። "ፈሬአስትራ?" አለች በራሷ ቋንቋ፣ ወደ መስኮቱ እየጠቆመች።

ቡርጊ ራሷን ነቀነቀች። መስኮቱ ተዘጋ። ሁለቱ ተያዩና፣ አንዷ ጥርሷ እየተንገጫገጨ፣ ሳቁ። ከዚያች ማታ ጀምሮ ቡርጊ ቃላትን እንደ ሰው ማየት ጀመረች፤ አንዳንዱ መልኩ ዘመድ ይመስልና ጉድ ይሠራሻል፣ ሌላው ደግሞ ከየት እንደመጣ ሳታውቂው እጅሽን ይይዝሻል።

ከሰዓት በኋላ ፐርሲዳ ላሟን ስታልብ ቡርጊ ድርቆሽ ላይ ተጋድማ የቃል ጥንዶቿን ታጣምር ነበር። ጨው በቤቷ "ዛልትስ" ነው፣ እዚህ "ሳሬ"። ኮከብ እዚያ "ሽቴርን"፣ እዚህ "ስቴአ"። ፀሐይ "ዞነ" እና "ሶአሬ"፤ ስም "ናመ" እና "ኑሜ"። ዓይኗ ከበድ ሲላት ቃላቱ ሰው ሆነው ይታዩአታል። ከአንድ ሩቅ ቤት በአንድ ጠዋት ወጥተው፣ ገሚሱ በተራራ ገሚሱ በወንዝ፣ እየሄዱ እያረጁ፣ ጫማቸውን እየጨረሱ፣ ልብስ እየቀየሩ፣ በመጨረሻ በዚህ በእኛ ጠፍጣፋ ሜዳ ላይ ይገናኛሉ። ተገናኝተውም አይተዋወቁም። አንዱ ሌላውን ዳቦ ይሸጥለታል፣ ይከራከረዋል፣ እንደ ባዳ ይሰናበተዋል። ቡርጊ በሰመመን ሆና በመካከላቸው እየሮጠች እጅጌያቸውን ትጎትታለች፤ እሱ እኮ ወንድምህ ነው ልትላቸው። የወተቱ ድምፅ በባልዲው ውስጥ ሲቀየር ትባንናለች።

የመንደሩ መምህር ኮርኔል የዚህ ነገር ፍቅር ያሳበደው ሰው ስለነበር ስለ ካልትና ካልድ ስትጠይቀው ጠመኔውን ጣለና አጠገቧ ተቀመጠ።

"ቃል እንደ ሰው ነው፣ ልጄ" አላት። "መልክ አይተሽ ዘመዳሞች ናቸው አትበይ። ካልትና ካልድ መንገድ ላይ የተገናኙ ናቸው፣ አይተዋወቁም። የእናንተ ካልት የሥጋ ዘመዱ እኛ ቤት ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ጄር ነው።"

ጄር በእነሱ ቋንቋ ምድሩን የሚያጠነክረው የክረምት ውርጭ ነው። ቡርጊ በአፏ አንከባለለችውና አይመሳሰሉም እኮ አለችው።

"ወንድማማች ሁሉ ይመሳሰላል ያለሽ ማነው? እኔንና ወንድሜን ያየ ሰው ከአንድ እናት መወለዳችንን በመሐላ ነው የሚያምነው።"

ከዚያ ደግሞ ማማ የሚለውን ጠየቀችው፤ በእሷም ቤት፣ በፐርሲዳም ቤት፣ በሃንጋሪዎቹም ዘንድ ማማ ማማ ነውና። መምህሩ ሳቀ። እሱ ከየትም አልመጣም፣ ማንም ከማንም አልወረሰውም፤ ሕፃን ሁሉ ጡት ሲፈልግ ከከንፈሩ እንደ አዲስ ይሠራዋል አላት። ቡርጊ ይህ ነገር ደስ አላት። በኅዳር አንድ ቀን፣ ፐርሲዳ ጀርባዋን ሰጥታ የበቆሎ ገንፎ ስታማስል፣ ቡርጊ ሳታስበው "ማማ" ብላ ጠራቻት። ራሷ ደንግጣ አፏን ያዘች። ፐርሲዳ ግን ሳትዞር "ምነው?" አለች፤ ዕድሜ ልኳን ስትጠራ እንደኖረች።

ልውጥ ልጆች ዓመቱ እስኪሞላ በወላጅ ቤታቸው አያድሩም እንጂ ቅዳሜ ገበያ መገናኘት አልተከለከሉም። ቡርጊና ቬቱርያ ከስኳር ነጋዴው ድንኳን ኋላ ተቀምጠው ሳምንቱን ሙሉ ያደኑትን ቃል ይለዋወጣሉ። ቬቱርያ የዓይንን አመጣች፤ "አውገ" እና "ኦኪ"። ቡርጊ የወፍጮን ሰጠቻት፤ "ሞአራ" እና "ሙለ"። ከፊታቸው ደግሞ ነጋዴው ለሽዋቡ ጹከር፣ ለሩማንያኑ ዛሃር፣ ለሃንጋሪው ጹኮር፣ ለሰርቡ ሸቸር እያለ ከአንዱ ጆንያ ይጨልፋል። ከሩቅ ምሥራቅ በግመልና በመርከብ ተጉዞ፣ በዓረብ አፍ አልፎ የመጣ ስም ነው፤ የአማርኛው ስኳርም ከዚያው ጆንያ የፈሰሰ ነው። ልጆቹ ነጋዴው ያፈሰሰውን በጣታቸው እየለቀሙ፣ ሲያድጉ አንዷ የሌላዋ ሰርግ ላይ ምን እንደምትለብስ ይመካከሩ ነበር። በእኛ ዘንድ የሙሽራዋን የትዳር ሻሽ ወላጅ እናት አታስርም፤ የምታስረው የልውጥ እናቷ ናት። ቬቱርያ እናቷ አጥብቃ እንደምታስር፣ ጆሮ እንደምትቆነጥጥ፣ ተጠንቀቂ ብላ አስጠነቀቀቻት።

ሰው ያስባል፣ እግዜር ይፈጽማል። ከገና በኋላ ጉሮሮ የሚዘጋው በሽታ የሽዋቦቹ መንደር ገባ። ቬቱርያ ያዛት። ኦቲልያ ልጅቱን በጭኗ እንዳቀፈች ቀንና ሌት አልለየቻትም፣ ሐኪም አስመጣች፣ ስለት ተሳለች። በረዶው መንገዱን ዘግቶት ስለነበር ለፐርሲዳ መልእክት ሊደርስ አልቻለም። መንገዱ ተከፍቶ የቡርጊ አባት በበረዶ ጋሪው ሲደርስ ይዞት የመጣው የሕመም ወሬ ሳይሆን የሞት ነበር።

ፐርሲዳ ነጠላ ጫማዋን በቡት መቀየር እንኳ ረስታ የራሳቸው የበረዶ ጋሪ ላይ ወጣች፤ ትራይላ ቤቱን ቆልፎ ተከተላት። ቡርጊን መምህሩ ቤት አሳድረዋት በማግሥቱ አባቷ ወደ ቤቷ ይዟት ተነሣ። ትራሷ ከተቆለፈው ቤት ውስጥ ቀረ።

ውርጭ ነበር፤ ጄር ራሱ። በጉድጓዱ አጠገብ ሁለቱ የበረዶ ጋሪዎች ተገናኙ። በአንዱ ቡርጊ ወደ ቤቷ፣ በሌላው ቬቱርያ ወደ ቤቷ። አባቶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ፐርሲዳ በነጭ የተሸፈነውን አጭር ሣጥን አቅፋ ከአድማስ ላይ ዓይኗን ተክላ ነበር። ቡርጊ ክልክል መሆኑን እያወቀች ወደ ኋላ ዞራ አየቻት። ፐርሲዳ አልዞረችም።

አሁን ነው ኦቲልያ ያጠፋችው፣ ጥፋት ከተባለ። የቬቱርያ ትራስ እሷ ዘንድ ነበር። በሽታ የነካው ጨርቅ ነውና ላባውን አራግፋ፣ ልባሱን በአመድ ውኃ ቀቅላ፣ አጥባ፣ ተኩሳ፣ በጸደይ በባሏ እጅ ላከችው። ሌላ ሴትም ይህንኑ ታደርግ ነበር። ግን በአገራችን ትራስ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ተነግሯል፤ በመካከላችን ያለው አበቃ ማለት ነው። ፐርሲዳ በሩ ላይ ተቀበለችው፣ ወደ ፊቷ አስጠጋችው። ሳሙና ሳሙና ሸተታት። የልጇ ጠረን በዓለም ላይ በዚያ ጨርቅ ላይ ብቻ ቀርቶ ነበር፣ እሱም ታጠበ። ግባ ሳትል በሩን ዘጋችው። የቡርጊን ትራስም አልመለሰችም።

የሽዋቦቹ መንደር ይህን በሁለት ፈታው። ገሚሱ ቂም ነው አለ፤ ልጄን ካልመለሳችሁ የእናንተንም አልመልስም ማለቷ ነው። ጥቂቶች ደግሞ ሐዘንተኛ ናት፣ ተዉአት አሉ። ቡርጊ የራሷን ፍች አጥታ በሌላ ትራስ ላይ ያለ እንቅልፍ ትገላበጥ ነበር። ልጠይቃት ልሂድ ባለች ቁጥር ኦቲልያ፣ ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው፣ ፊትሽን ስታይ ልጇን ታያለች፣ አትሂጂባት ትላታለች። እውነት አላት። ቡርጊ ግን የምትፈራው ሌላ ነበር። በሕልሟ ማማ ብላ ስትጣራ ጀርባዋን የሰጠች ሴት ምነው ሳትል ትቀራለች።

እንዲህ እያለች አደገች። ወፍጮ ቤት ሥራ ገባች፤ አራቱም ሕዝብ እህሉን ይዞ ተራ የሚጠብቅበት ቦታ ነው። በዚያ አግዳሚ ላይ ስንቱ ጠብ በእሷ አንደበት በረደ! ሁለት ሰዎች ሲካረሩ መሃላቸው ገብታ፣ እናንተ ሰዎች፣ ጨው የምትሉት እኮ አንድ ነው ትላቸዋለች፤ ግራ ገብቷቸው ይስቃሉ። አንዳንዱ ተሳሳተች ብሎ ይሟገታታል፤ አንዳንዴም እውነቱን ነው፣ ቡርጊ ሁለት ቃል ከተመሳሰሉላት ልቧ ቶሎ ይከንፋል። ተሳስተሻል ሲሏት ከልቧ ታዝናለች፣ የተጫጩ ሰዎች እንደተጣሉባት። የወፍጮ ቤቱ ልጅ አምብሮስ የወደዳት ስትሳሳት ነው ይባላል። ነጭ በነጭ ሆኖ ከዱቄቱ ውስጥ ብቅ ይልና፣ ዛሬስ ማንን ከማን አጋባሽ ይላታል። በመጨረሻ እሷንና እሱን አጋባች።

ሰርጉ ለመከር ማብቂያ ተቆረጠ። እዚህ ላይ ነው ጭንቁ። ሻሹን ማን ያስር? ፐርሲዳ ካልተጠራች ነውር ነው፤ ተጠርታ ከቀረች ቡርጊ ቅስሟ ይሰበራል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ትራሱን ይዛ የመጣች እንደሆነ ነው። በሕዝብ ፊት፣ በሰርጓ ቀን፣ ይኸው ልጃችሁ፣ ጨርሰናል ማለት ይሆናል። ኦቲልያ ይህን ፈርታ አትጥሪያት ብላ ለመነቻት። ቡርጊ ግን ይቁረጥልኝ አለች። ጠሪው እንደ ደንቡ ባርኔጣው ላይ ሪባን አስሮ፣ ጠርሙሱን ይዞ ማዶ ተሻገረ። ትራይላ የፕሪም አረቄውን ጠጣ፣ ወሬ አወራ፣ ስለ ዋናው ነገር ግን አፉን ያዘ። ፐርሲዳ ጥሪውን ሰምታ ወደ ጓዳ ገባች፣ አልወጣችም። ጠሪው ይዞ የተመለሰው መልስ ይኸው ብቻ ነበር።

የሰርጉ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡርጊን ግቢው መሃል ወንበር ላይ አስቀመጧት። የአበባ አክሊሏን የሚያወልቁት ሴቶች ተሰበሰቡ። ሙዚቀኞቹ አንድ ዜማ ጨረሱ፣ ሁለተኛ ደገሙ። አንዲት የክርስትና እናት፣ ከዚህ በላይማ አይጠበቅም ብላ እጅጌዋን ሰብሰብ ስታደርግ የትራይላ ጋሪ በር ላይ ቆመ።

ፐርሲዳ ጥቁር ለብሳ ወረደች። የሰዉ ዓይን ሁሉ ወደ እጇ ሄደ፤ እጇ ባዶ ነበር። ትራስ የለም፣ ስጦታ የለም። ከጎረቤት አንዷ፣ ድምፅ ዝቅ ማድረግ የማታውቅ፣ "ለሰርግ ባዶ እጇን መጣች" አለች። ኦቲልያ ፊቷ አመድ መስሎ ወደ ፊት ራመድ አለች።

"ፐርሲዳ" አለች፣ በተሰባበረ ሩማንኛዋ። "አጠብኩት። መታጠብ አልነበረበትም። ይህን ሁሉ ዘመን ጨርቅ ባጠብኩ ቁጥር እሱን ነው የማጥበው።"

"እኔም ብሆን አጥበው ነበር" አለች ፐርሲዳ። "ልጄ በአንቺ እቅፍ ነው የሞተችው። እኔ ዘንድ ወሬው ደርሷል። አመሰግንሽ ዘንድ መምጣት ነበረብኝ፣ እግሬ እንቢ አለኝ።"

ቡርጊ ከወንበሯ ላይ "ማማ" አለች። ሁለቱም ሴቶች ዞሩ።

"ትራሴን አላመጣሽልኝም" አለች ቡርጊ።

"አላመጣሁትም።"

"ተቀይመሽኝ ነው?"

ፐርሲዳ ቀረበቻት፣ አክሊሏን ከራሷ ላይ አነሣች። "ምን ያለሽ ሞኝ ነሽ" አለች። "የዛሬ ሳምንት መልስ ትመጫለሽ አይደል? እናትሽ ቤት ስታድሪ በምን ትተኚያለሽ?"

ከደረቷ ሥር ሻሽ አወጣች። ሴት ልጅ ስትወለድ እናት መጥለፍ የምትጀምረው ሻሽ ነው፤ ግማሹ ክር የደበዘዘ ቀይ፣ ግማሹ ከገበያ እንደመጣ የሚያበራ ቀይ ነበር። አጥብቃ አሰረችው፣ ጆሮዋንም ቆነጠጣት። ቡርጊ ቬቱርያ የነገረቻት ትዝ አላትና በአንድ ጊዜ ሳቀችም አለቀሰችም። ኦቲልያ አጠገባቸው ቆማ መሐረቧን ስታጣ ፐርሲዳ የራሷን ሰጠቻት፤ አልታጠበም ይቅርታ ብላ።

በሳምንቱ ቡርጊና አምብሮስ ማዶ ተሻገሩ። ትራይላ ሙሽራውን የእሱን ወፍጮ ከመንደራቸው ወፍጮ እያወዳደረ እስኪያዛጋ አስመሸው። በጭቃ ግድግዳው ጥግ አልጋው ተነጥፎ ነበር፤ ሁለት ትራሶች ጎን ለጎን፤ አንዱ የታጠበው፣ አንዱ ሳሙና ነክቶት የማያውቅ፣ ድርቆሽ ድርቆሽና ወተት ወተት የሚሸት። ቡርጊ ፊቷን ቀበረችበት። ፐርሲዳ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበችላትና መስኮቱ ዘንድ ቆመች።

"ካልት?" አለቻት፣ በሽዋቦቹ ቋንቋ። በዚያ ቋንቋ ስትናገር ማንም ሰምቷት አያውቅም።

ቡርጊ በሩማንኛ መለሰችላት። "ካልድ፣ ማማ።"

ፐርሲዳ መስኮቱን እንደተዘጋ ተወችው።

ከስንት ዓመት በኋላ ፐርሲዳ ስታርፍ፣ ሣጥኑ ውስጥ ከራሷ ሥር የሚደረገውን ትራስ እንደ ደንቡ ልጅ ናት የምታቀርበው ተባለ። ዘመድ ጎረቤቱ ልጅ የላትም ብሎ አዲስ ትራስ ሰፍቶ መጣ። ቡርጊ አመሰገነቻቸውና የራሷን ከአልጋው አንሥታ አደረገችላት። እኔ ያወቅኋት አርጅታ፣ ወፍጮ ቤቱ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ከመንገደኛው ቃል ስታድን ነው፤ አንድ ቀን ደፍሬ፣ እማማ፣ ትራሱ ተመለሰልሽ ወይ አልኳት። አልተመለሰም አለች፣ ዱቄቱን ከቀሚሷ ላይ እያራገፈች።